«የት ነው» በሩስኛ

አዳማ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለእንቁ

ልጄ ሆይ፣ ከምድሩ ብርድም ከሰዉ ክፋትም መድኃኔዓለም ይጋርድሽ። እኛ ነፋሳችንንና አቧራችንን ታቅፈን ደኅና ነን። እናትሽ ሸዋወርቅ ባለፈው ሰሞን ከአርሲ ነገሌ ስንዴ አስጭና መጥታ፣ ቋንቋው ሳይገባሽ ዓመቱ እንዳያልፍብሽ ስትጨነቅ ዋለች። ቋንቋውን እኔ አስተምራታለሁ፣ አንቺ ስንዴሽን ሽጪ ብዬ ሸኘኋት።

ስልክ እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ። ቢሾፍቱ አየር ኃይል በነበርኩበት ዘመን የአውሮፕላን ሞተር ጆሮዬን በልቶታል። ስለዚህ እኔ በእጄ እጽፋለሁ፤ ፍራንኮ አካባቢ የፎቶ ኮፒ ሱቅ ያላት ፈውዚያ ደግሞ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሻለች፣ ያንቺንም አትማ ትሰጠኛለች። አንቺም በእጅሽ ጻፊ። ቋንቋ በጣት ካልገባ በጆሮ ብቻ አይቆይም።

እንግዲህ ወደ ትምህርታችን። ለቴክኒሻንነት ሶቪየት ኅብረት፣ ፍሩንዜ ከተማ ሲወስዱን መጀመሪያ ያስተማሩን ቃል «ግድዬ» ነበር፤ «የት» ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ቦታውን የሚናገረው ቃል ከኋላ ይመጣል፤ ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ እንላለን። እነሱ ከፊት ያስቀድሙታል። ውስጥ ከሆነ «ቭ»፣ ላይ ከሆነ «ና»። ከዚያ የስሙ ጅራት ይለወጣል። ቤት «ዶም» ነው፤ ቤት ውስጥ ሲሆን «ቭ ዶምዬ»። ጠረጴዛ «ስቶል» ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ሲሆን «ና ስታልዬ»። በክፍልሽ ያለውን ዕቃ ሁሉ የት እንዳለ እየጻፍሽ ላኪልኝ፣ አርምልሻለሁ።

አሁን ደግሞ የሆዴን ልንገርሽ። ወንድምሽ ቶሌራ ለሥራ ብሎ ወደዚያው ወደ ሩስያ ከሄደ ወዲህ ይደውል ነበር። ካለፈው ፋሲካ በኋላ ግን ድምፁ ጠፋ። የመጨረሻ መልእክቱ የወታደር ኮንትራት ፈርሜያለሁ፣ አትጨነቁ የሚል ነበር። እኔና ቦንቱ ከእሱ ሌላ ልጅ የለንም። ቋንቋው ሲፈታልሽ ጠይቂልኝ። የምታስፈልግሽ አጭር ጥያቄ ናት፤ «ግድዬ ቶሌራ?» በያቸው። በሕይወት ካለም የት እንዳለ፣ ከሌለም የት እንዳለ ማወቅ እፈልጋለሁ።

አጎትሽ ማስረሻ

*

ቮሮኔዥ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አጎቴ ለጋሽ ማስረሻ

ጋሽዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? እትዬ ቦንቱስ? የደም ግፊቷ እንዴት ነው? እኔ ከብርዱ በቀር ምንም አልሆንኩም። ብርዱ ግን የሰው አይደለም። ካልሲ በካልሲ ላይ ደርቤ ነው የምተኛው።

ጄሬን ከምትባል የቱርክሜኒስታን ልጅ ጋር ነው የምኖረው። እሷም ለቋንቋ መሰናዶ ነው የመጣችው። እኔ የእሷን ቋንቋ አላውቅ፣ እሷ የእኔን አታውቅ፤ ሁለታችንም የምንግባባው በማናውቀው ሩስኛ ነው። ሳሙና የት ነው ለማለት መጀመሪያ መታጠቢያ ቤቱን በጣቴ አሳያለሁ፣ ከዚያ «ግድዬ» እላለሁ።

የቤት ሥራዬ ይኸው። መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ ነው። ካፖርቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። አዳማ ኢትዮጵያ ውስጥ ናት። እናቴ ገበያ ውስጥ ናት። የመጨረሻዋን መምህራችን በቀይ አሰመረችብኝ፤ ገበያ በ«ቭ» ሳይሆን በ«ና» ነው አለችኝ። እናቴ ገበያው ላይ ወጥታ ቆማለች እንዴ? ትምህርት ቤት «ቭ ሽኮልዬ» ሆኖ ፋብሪካ «ና ዛቮድዬ» የሆነበትስ ምክንያት ምንድን ነው? ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዳይሆንብኝ ፈራሁ።

ስለ ቶሌራ፣ ከእሱ ጋር መጋዘን ውስጥ ይሠራ የነበረ ፈይሳ የሚባል የአምቦ ልጅ ስልክ አግኝቻለሁ። እሱ የሚያውቀው ነገር ካለ እጽፍልዎታለሁ።

ልጅዎ እንቁ

*

አዳማ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእንቁ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ። ለበዓሉ እናትሽ እዚህ ነበረች። ገበያ ላይ እንዳወጣሻት ስነግራት ሳቀች፤ በሩስኛም ቢሆን መቀመጫ አልተገኘልኝም አለች።

ለምን አትበይ። እኔም ፍሩንዜ ሳለሁ ለምን ብዬ ጠይቄ መምህራችን እንዲህ ስለሚባል ብላኝ አረፈችው። ገበያ፣ ፋብሪካ፣ ባቡር ጣቢያ፣ ሥራ፣ ሁሉም በ«ና» ነው። በቃልሽ ያዢው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

አንድ የገረመኝን ነገር ልንገርሽ። ምሳሌ ስጽፍልሽ እጄ ራሱ ቶሌራን ያስገባል። ቶሌራ ወንበር ላይ ነው። ቶሌራ ክፍሉ ውስጥ ነው። ቶሌራ ሥራ ቦታ ነው። ቦንቱ የልጇን ስም ስጠራ ሰምታ መጣችና ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። ተረጎምኩላት። ወረቀቱን ወደ ራሷ አዙራ፣

«አሁን የጻፍከው ሁሉ ውሸት ነው?» አለችኝ።

«ለልምምድ ነው» አልኳት።

«እስቲ ሌላም ጻፍ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ሥራዋን ስትጨርስ ጎኔ ትቀመጣለች። እሷ ትናገራለች፣ እኔ በሩስኛ እጽፋለሁ። ቶሌራ ቡልቡላ አያቱ ቤት ነው። ቶሌራ ሶደሬ ውኃው ውስጥ ነው። ቶሌራ ባጃጅ ውስጥ ነው፣ እየመጣ ነው። ጽፌ ስጨርስ ጮክ ብዬ እንዳነበው ትፈልጋለች። ቃሉ ባይገባትም ስሙን ስትሰማ ራሷን ትነቀንቃለች። የግቢያችንን በር መቀርቀሪያ እንዳልዘጋ ከልክላኛለች። የአዳማን ነፋስ ታውቂዋለሽ፣ ቀኑን ሙሉ በሩን ሲያጋጨው ይውላል፤ በተጋጨ ቁጥር ቀና ትላለች። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ቀና እላለሁ። ደንቆሮው እኔ ያን ድምፅ እሰማዋለሁ።

ቤታችን ሰው በሌለው ሰው ተሞልቷል ልጄ። ፈይሳ የሚሉትን ሰው ቶሎ አግኚልኝ።

አጎትሽ

*

ቮሮኔዥ፣ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፈውዚያ እህቴ፣

ይህ ላንቺ ብቻ ነው። አንብቢው እንጂ አትመሽ ለጋሼ እንዳትሰጪው።

ቶሌራ የለም። ያረፈው ባለፈው ሐምሌ ነው፣ እኔ እዚህ ሳልመጣ። ፈይሳን አግኝቼው ወደ ደቡብ በባቡር ሄደን፣ ቢሮ ለቢሮ ተንከራተን አረጋገጥን። በዓይኔም አይቻለሁ። ከዚህ በላይ አሁን መጻፍ አልችልም።

ጋሼ በየደብዳቤው የት ነው ይሉኛል። መርዶ ደግሞ በወረቀት አይነገርም። ብቻቸውን ሱቅሽ ቆመው ቢያነቡትስ? እትዬ ቦንቱ ደጋፊ በሌለበት ብትሰማውስ? በወጉ፣ በጠዋት፣ ሰው ተሰብስቦ መስማት አለባቸው። እባክሽ ለእድሩ ዳኛ ለአቶ ገርባ ንገሪያቸው። እስኪነግሯቸው ድረስ እኔ ምንም እንዳላወቅሁ ሆኜ ትምህርቱን እቀጥላለሁ።

እንቁ

*

አዳማ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

እንቁዬ፣ አላህ ያጽናሽ። ደብዳቤሽን አንብቤ ሱቄን ዘግቼ ነው ወደ ቤቴ የገባሁት። ለአቶ ገርባ ነግሬያቸዋለሁ። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው፣ ጾሙም ገብቷል፣ የእትዬ ቦንቱ ግፊትም ከፍ ብሏል፣ ፋሲካ ይለፍ ብለዋል። አንቺ መጻፍሽን አታቋርጪ፤ ካቋረጥሽ ጋሼ ይጠረጥራሉ።

ፈውዚያ

*

ቮሮኔዥ፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለጋሽ ማስረሻ

ጋሽዬ፣ ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ፣ ፈተና ነበረብን። እኔ በጣም ደኅና ነኝ። በረዶው መቅለጥ ጀምሯል።

አሁን የተማርነው ጅራታቸው እንደ ሌሎቹ የማይሆነውን ነው። ጫካ ውስጥ «ቭ ሌሱ»፣ ድልድይ ላይ «ና ማስቱ»። እነዚህን እርስዎም ተምረዋቸው ነበር? ደግሞ የት ነህ ሲባል «ግድዬ»፣ ወዴት ትሄዳለህ ሲባል «ኩዳ» መሆኑ ገብቶኛል። ስለ «ኩዳ» ብዙ ምሳሌ ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል። ስለ «ግድዬ» ይበቃኛል፣ እሱን በደንብ ይዤዋለሁ።

ስለ ቶሌራ ገና እየጠየቅሁ ነው። አገሩ ሰፊ ነው። ለእትዬ ቦንቱ ሰላም ይበሉልኝ፤ ስትደውል ኔትወርኩ እምቢ እያለኝ ነው።

ልጅዎ እንቁ

*

አዳማ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእንቁ

ይህን ስታነቢ ተቀመጪ። አትደንግጪ፣ ሁሉንም ሰምተናል። ያጠፋሽው ነገር የለም።

አንቺ የማታውቂው አንድ ነገር አለ። በጦርነቱ ዘመን አየር ኃይል ሳለሁ መርዶ ከሚያረዱት አንዱ እኔ ነበርኩ። በጠዋት ከካህኑ ጋር ሄደን በር የምናንኳኳው እኛ ነን። የምናረዳውን ሰው ከመንገድ ስናገኘው እንዴት እንደምንሆን አውቃለሁ። እጁን ይዘን ቶሎ አንለቅም። ያልጠየቀንን እንነግረዋለን፣ የጠየቀንን እናልፈዋለን። ዘንድሮ ከተማው ሁሉ እኔን እንደዚያ ያየኝ ጀመር። ፈውዚያ ሱቋ ስደርስ ከወንበሯ ትነሣለች። ገርባ በዳማ ተሸንፎልኝ አያውቅም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ጠጠሬን እየበላ ሲስቅብኝ የኖረ ሰው፣ አሁን ንጉሡን እያየ ያስበላኛል። ምን ነካህ ስለው ዓይኔ ደክሟል ይላል። ቀጥሎ ያንቺ ደብዳቤ መጣ። በጣም ደኅና ነኝ ብለሽ ጻፍሽ። ከዚያ በፊት በጣም ደኅና ሆነሽ አታውቂም።

እንደ ሌላው ሰው ፋሲካ እስኪያልፍ ዝም ልል አስቤ ነበር። እነሱ እኔን ሲጠብቁ እኔም እነሱን ልጠብቅ። ግን ቦንቱ ለቶሌራ ነጭ ሸሚዝ ገዝታ መጣች። ለፋሲካ ይመጣል፣ ልቤ ነግሮኛል አለች። ዶሮዎቹም ተገዝተው ግቢ ውስጥ ታስረዋል። ለሞተ ልጅ ድግስ ስትደግስ ቁጭ ብዬ ማየት አልቻልኩም። ገርባ ቤት ሄጄ፣

«ነገ ጠዋት ና። ከሰዎችህ ጋር ና። ለቦንቱ ሁለት ብርቱ ሴቶች አምጣላት» አልኩት።

ገርባ አልጠየቀኝም። አንገቴን አቅፎ አለቀሰ።

ትናንት ጠዋት መጡ። በሬን ሲያንኳኩ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከውጭ የቆምኩበትን በር ከውስጥ ከፈትኩት። ከዚህ የከፋ ነገር አላየሁም እንቁ። ቦንቱን ሴቶቹ ያዟት፣ ገርባ ነገራት። አልጮኸችም። በእናቷ ቋንቋ ብቻ ነው የጠየቀችው።

«ኤሳ ጂራ?» አለች። የት ነው ያለው ማለቷ ነው።

ከመጡት ሽማግሌዎች ማንም አያውቅም። ደጋግማ ጠየቀቻቸው። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ለቀስተኛው ይመጣል ይሄዳል፣ እሷ ግን እስከ አሁን ዕንባ አልወጣትም። የት እንዳለ ሳላውቅ ምን ብዬ ላልቅስለት ትላለች።

ስለዚህ ጻፊልኝ። አትፍሪ፣ ብቻዬን አይደለሁም። ገርባና ጎረቤቱ ሁሉ ከጎኔ አሉ። ልጄ የት ነው?

አጎትሽ ማስረሻ

*

ቮሮኔዥ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽዬ፣ እትዬ ቦንቱ፣

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እንደማየው አድርጌ እጽፋለሁ፣ ለእትዬ ያንብቡላት።

ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ከዚህ በባቡር አንድ ሌሊት ያስኬዳል። ከጣቢያው ወጥቶ ወንዝ አለ። ወንዙ ላይ ድልድይ አለ። ድልድዩን ተሻግሮ ዳገት ይወጣል፤ ዳገቱ ላይ የእነሱ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ጉልላቱ ሰማያዊ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ጫካ አለ፣ ቅርፊታቸው ነጭ የሆኑ ዛፎች። መቃብር ቦታው በጫካውና በቤተ ክርስቲያኑ መካከል ነው።

ቶሌራ በአጥሩ ግንብ በኩል ነው፣ ከነፋስ የተከለለ ነው። በቀኙ አንድ ሽማግሌ አሉ። በግራው ገና ማንም የለም። ራስጌው ላይ የእንጨት መስቀል አለ። ስሙን አጣመው ነበር የጻፉት፣ ፈይሳ በቀለም አስተካከለው። የዚያን ቀን በረዶ ነበር። በእጃችን ጠረግነው።

ከሽማግሌው መቃብር አጠገብ አንዲት ሴትዮ ቆመው ነበር፣ ልጃቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። የእኛ መሆኑን ሲያውቁ፣ አባታቸውን ሊጠይቁ ሲመጡ የእሱንም እንደሚያጸዱ ነገሩኝ። ዳቦ ቆርሰው ለአባታቸው ሲያስቀምጡ ለቶሌራም አስቀመጡለት። እዚያ ወጋቸው ነው።

መጀመሪያ በጠየቅንበት ቢሮ ውስጥ በየትኛው ከተማ ነው ብዬ ስጠይቅ «ና ጎሮድዬ» አልኩ። ጠረጴዛው ጋ የነበረችው ልጅ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳትል «ቭ ጎሮድዬ» ብላ አረመችኝ። ከዚያ መሞቱን ነገረችኝ። አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። አላለቀስኩም ጋሽዬ፣ እስከ ዛሬም አላለቀስኩም። ክፉ ሆኜ ይሆን እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ።

እንቁ

*

አዳማ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእንቁ

ደብዳቤሽን ድንኳኑ ውስጥ ነው ያነበብኩላት። ድልድዩን ስንሻገር ቦንቱ እጄን ያዘች። ግንቡ ጋ ስንደርስ፣ ከነፋስ የተከለለ ነው የሚለውን ድገምልኝ አለችኝ። ደገምኩላት። ያን ጊዜ ጮኸች። ሴቶቹ አብረዋት አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ። ገርባ ያለቀሰውማ አይነገርም። አሁን ትበላለች፣ ትተኛለች። ሰባራ ናት፣ ግን ከእኛ ጋር ናት።

ክፉ አይደለሽም። መርዶ ነጋሪ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ሌላውን ሲይዝ እሱን የሚይዘው የለም፤ ወጉ የሚታወሰው መርዶውን ለሚረዳው ነው። እኛ እዚህ ፍራሽ ተነጥፎልን፣ ንፍሮ ተቀቅሎልን፣ ጎረቤት እየተፈራረቀ ሲያድርልን፣ አንቺ የወንድምሽን ሞት ከማታውቂው ሰው አፍ ሰምተሽ፣ በረዶ በእጅሽ ጠርገሽ፣ ተመልሰሽ ፈተና ተፈተንሽ። ይህን ሳስብ ከቶሌራ እኩል ያመኛል።

ስለዚህ ይህን አድርጊ፣ አጎትሽ አዞሻል። ፍራሽሽን አውርጂ። ተቀመጪ። አጠገብሽ ላለው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ወንድሜ ሞተብኝ በይ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል፤ እኛ አሁን ለአንቺ ሩቅ ነን።

አጎትሽ ማስረሻ

*

ቮሮኔዥ፣ ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ማስረሻና ለእትዬ ቦንቱ

ጋሽዬ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። ከትምህርት ቀርቼ ፍራሼን ወለሉ ላይ አወረድኩና ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ አፈርኩ። ብቻውን የሚያዝን ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ አላውቅም ነበር።

ጄሬን ከክፍል ስትመለስ አልጋው የተሰበረ መስሏት ሠራተኛ ልትጠራ ነበር። አልጋው ደኅና ነው አልኳት። ከዚያ ወንድሜ ሞተ አልኳት። መቼ ብላ ጠየቀችኝ፣ በሐምሌ አልኳት። የት አለችኝ። ስለ ድልድዩ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ስለ ጫካው እየተንተባተብኩ ነገርኳት። ስሳሳት አላረመችኝም። እስከዚያ ድረስ ለሰው በአፌ ተናግሬው አላውቅም ነበር።

ጄሬን ጫማዋን አወለቀች። የራሷን ፍራሽ አውርዳ ከእኔ ፍራሽ ጋር አገጣጠመችው። ወደ ኮሪደሩ ወጥታ በየክፍሉ አንኳኳች። አንዷ ሻይ ይዛ መጣች፣ አንዷ ዳቦ፣ አንዷ ባዶ እጇን። ስሜን እንኳ የማያውቁ ነበሩ። በእኛ አገር ምን ይባላል ብለው ጠየቁኝ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ ይባላል አልኳቸው፣ ለመጥራት ሞክረው አቃታቸው። ዙሪያዬን ከበው ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ነው ማልቀስ የቻልኩት።

ልጃችሁ እንቁ